የደብረ ሲና መውጫ መንገዶች

ይህ ጽሑፍ በግብፅ ስለሚገኘው ተራራ ነው። በሰሜን ሸዋ ስለምትገኘው ከተማ ደብረ ሲና (ከተማ) የሚለውን ይመልከቱ።

ደብረ ሲና (በዐረብኛ ጀበል ሙሳ፣ ትርጉሙም «የሙሴ ተራራ») በግብፅ፣ በሲና ባሕረ ገብ መሬት ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ 2,285 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው። በረጅም ዘመን ትውፊት መሠረት ነቢዩ ሙሴ ዐሥርቱን ትእዛዛት የተቀበለበት ቦታ ስለሆነ ብዙ ምዕመናንና ጎብኚዎች ይወጡታል። ከተራራው ግርጌ ካለው ከቅድስት ካትሪን ገዳም ወደ ጫፉ የሚያደርሱ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፤ እነዚህም የግመል መንገድና የንስሐ ደረጃዎች ናቸው። ሁለቱም ከገዳሙ አካባቢ ተነሥተው ከጫፉ በታች ይገናኛሉ። ከዚያ በላይ ያሉት የመጨረሻ 750 ደረጃዎች ለሁሉም የጋራ ስለሆኑ የመንገድ ምርጫው የሚመለከተው እስከ መገናኛው ያለውን ዳገት ብቻ ነው።

አቀማመጥ

የቅድስት ካትሪን ገዳም በንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. ከ548 እስከ 565 ባለው ጊዜ ውስጥ የታነጸ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስለዚህ መንገደኛው በየትኛውም በኩል ቢሄድ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት። ገዳሙና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ተራራው ዐለታማና ደረቅ ነው። ከጥቂት ምንጮችና በመነኮሳት ከተተከሉ ዛፎች በቀር ጥላ የለውም። በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የቅድስት ካትሪን ተራራ ከደብረ ሲና ከፍ ያለ ሲሆን የግብፅ ከፍተኛው ተራራ ነው።

የመጽሐፍ ቅዱሱ ሲና ይኸው ተራራ ስለመሆኑ ተመራማሪዎች አይስማሙም፤ እንደ ጀበል ሰርባል ያሉ ሌሎች ተራሮችም ተጠቁመዋል። ሆኖም ክርስቲያን ተሳላሚዎች ቢያንስ ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደዚህ ሲመጡ ኖረዋል።

የግመል መንገድ

የግመል መንገድ ከገዳሙ ጀርባ ባለው ሸለቆ አድርጎ፣ ተራራውን በሰፊው እየዞረና እየተጠማዘዘ የሚወጣ ሰፋ ያለ ጥርጊያ ነው። የተሠራው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1848 እስከ 1854 ግብፅን ከገዛው ከቀዳማዊ አባስ ፓሻ ጋር ይያያዛል። ይህ ገዥ በአቅራቢያው በሚገኝ ሌላ ተራራ ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምሮ ሳይፈጸም ሞቷል፤ ያ ተራራ እስካሁን በስሙ ይጠራል።

መንገዱ ረጅም ቢሆንም ዳገቱ ለዘብ ያለ ነው። በመጠነኛ እርምጃ የሚሄድ ሰው እስከ ጫፉ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። በየመሐሉ በደዊኖች ሻይና ውሃ የሚሸጡባቸው ጎጆዎች ስላሉ ማረፍ ይቻላል። በእግሩ መሄድ ለማይችል ግመል ይከራያል። ይሁን እንጂ ግመሉ የሚሄደው ከመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ግርጌ ድረስ ብቻ ነው፤ ይህን ሳያውቅ የሚነሣ ሰው የመንገዱ ከባድ ክፍል ገና ከፊቱ እንዳለ የሚረዳው ከግመሉ ከወረደ በኋላ ነው። በሌሊት ጉዞ እግረኞች ለግመሎች ሲያሳልፉ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው በኩል ጠጋ ማለት ይገባቸዋል።

የንስሐ ደረጃዎች

ሁለተኛው መንገድ ከገዳሙ ጀርባ ተነሥቶ ጠባቡን ሸርጥ ተከትሎ በቀጥታ ሽቅብ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ ነው። እስከ ጫፉ ያሉት ደረጃዎች በተለምዶ 3,750 ናቸው ይባላል፤ ከእነዚህም 3,000 ያህሉ ከመገናኛው በታች፣ 750ው ከመገናኛው በላይ ናቸው። በትውፊት ደረጃዎቹን የደረደረው ንስሐውን በዚህ ሥራ እንዲፈጽም የታዘዘ መነኩሴ ነው፤ መንገዱ ስሙን ያገኘውም ከዚህ ነው።

ድንጋዮቹ የተጠረቡ አይደሉም። ቁመታቸው እኩል ስላልሆነ አንዱ ደረጃ ቁርጭምጭሚት ድረስ፣ ሌላው እስከ ጉልበት ሊደርስ ይችላል። በዚህ ምክንያት መንገዱ ከግመሉ መንገድ ቢያጥርም የበለጠ ያደክማል፤ በጨለማም ለመሰናከል ያጋልጣል።

በታሪክና በመንፈሳዊ ትውስታ ግን ይህ መንገድ የበለጸገ ነው። ከታች ወደ ላይ ሲወጣ የሙሴ ምንጭ የሚባል ውሃና በእመቤታችን ስም የተሠራች ትንሽ ጸሎት ቤት ይገኛሉ። ከዚያ በላይ መንገዱ በድንጋይ ቅስት በሮች ሥር ያልፋል። ከበሮቹ አንዱ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው መነኩሴ በእስጢፋኖስ ስም ይጠራል። እንደ ትውፊቱ እስጢፋኖስ ከበሩ ተቀምጦ የተሳላሚዎችን ኑዛዜ ይቀበል ነበር፤ ሳይናዘዝ ወደ ላይ የሚያልፍ አልነበረም። ዐፅሙ የምንኩስና ልብስ እንደለበሰ በገዳሙ የዐፅም ማኖሪያ ቤት ይታያል።

የኤልያስ ሜዳና የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት በተራራው ትከሻ ላይ፣ የኤልያስ ሜዳ ተብሎ በሚጠራው ረባዳ ቦታ አጠገብ ነው። የግመል መንገድ ወደዚህ የሚደርሰው በጠባብ የዐለት ስንጥቅ ውስጥ አልፎ ነው። በሜዳው ላይ በነቢያቱ በኤልያስና በኤልሳዕ ስም የተሠሩ ጸሎት ቤቶችና ከፈረንጅ ጥድ ጋር የሚዛመድ ያረጀ ዛፍ አለ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ኤልያስ በኮሬብ ተራራ የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው በዚህ ቦታ ነው ተብሎ ይታመናል። ከሜዳው ወደ ራስ ሳፍሳፋ የሚወስድ ቀጭን መንገድም ይነሣል፤ ራስ ሳፍሳፋ እስራኤላውያን ሰፍረውበት ነበር የሚባለውን የራሐን ሜዳ ቁልቁል የሚያሳይ ጉብታ ነው።

ከመገናኛው እስከ ጫፉ ያሉት 750 ደረጃዎች ገደላማ ናቸው። ጫፉ ላይ እ.ኤ.አ. በ1934 ከቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በተገኙ ድንጋዮች ጭምር የተሠራች የቅድስት ሥላሴ ጸሎት ቤትና ትንሽ መስጊድ ይገኛሉ። ጸሎት ቤቷ ብዙውን ጊዜ ዝግ ነች።

ጥንታዊ የመንገድ ምርጫ፦ የኤጌሪያ ጉዞ

በደብረ ሲና መንገድ መምረጥ አዲስ ነገር አይደለም። ኤጌሪያ የተባለች ከምዕራብ አውሮፓ የመጣች ክርስቲያን ሴት በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ተራራውን ወጥታ ጉዞዋን በላቲን ጽፋለች። የጽሑፉ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1884 በጣልያን አገር በአሬትሶ ከተማ ተገኝቷል።

ኤጌሪያ ዳገቱ እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ የሚወጣ ሳይሆን እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ እንደነበር፣ በእግር ካልሆነም በበቅሎ ወይም በሌላ ከብት ሊወጣ እንደማይቻል ትናገራለች። የግመል መንገድ በዚያ ዘመን አልነበረም። እሑድ ማለዳ ተነሥታ ከጫፉ የደረሰችው በአራት ሰዓት ነው፤ የዘመኑ ሮማውያን ሰዓት እንደ ኢትዮጵያው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ይቆጠር ስለነበር ይህ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። መሪዎቿ የነበሩት መነኮሳት በአንድ በኩል አውጥተው በሌላ በኩል አወረዷት። ምክንያቱም ሁሉንም ቅዱሳት ቦታዎች ለማየት ትፈልግ ስለነበር ቁልቁለቱ በኤልያስ ዋሻ አድርጎ ሙሴ ያየው ቁጥቋጦ አለ ወደሚባልበት የሸለቆ ራስ እንዲያደርሳት ነው። ዛሬ ገዳሙ የሚገኘው በዚሁ ሸለቆ ውስጥ ነው። በአንድ መንገድ ወጥቶ በሌላው የመውረድ ልማድ ስለዚህ ቢያንስ 1,600 ዓመታት ዕድሜ አለው።

በኋለኞቹ ዘመናት ተሳላሚዎች ከደብረ ሲና በስተምዕራብ ወዳለው ወደ አርባዎቹ ሰማዕታት ሸለቆ ወርደው ከዚያ የቅድስት ካትሪንን ተራራ የሚወጡበት ዙር ተለምዶ ነበር። ይህ ዙር ዛሬም የሚቻል ቢሆንም ሙሉ ቀንና ጥሩ አቅም ይጠይቃል።

የመንገድ አመራረጥ

ለመምረጥ በዋናነት የሚታዩት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

የመነሻ ሰዓት፦ አብዛኞቹ ጎብኚዎች ፀሐይ ስትወጣ ከጫፉ ለመገኘት ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነሣሉ። በጨለማ ለሚወጣ ሰው ደልደል ያለው የግመል መንገድ ይመረጣል። ደረጃዎቹ በብርሃን የሚኬድባቸው ናቸው።

ጉልበት፦ ዳገት ትንፋሽን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ደግሞ የጉልበት መገጣጠሚያን። ስለዚህ ብዙዎች በግመል መንገድ ወጥተው በደረጃዎቹ ይወርዳሉ፤ በዚህም ሌሊት ያላዩትን ሸለቆና ገዳሙን ከላይ ለማየት ይችላሉ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግን ይህን ልማድ መከተል የለበትም፤ 3,750 ደረጃ መውረድ ከመውጣቱ ይልቅ ሊጎዳው ስለሚችል በመጣበት የግመል መንገድ ቢመለስ ይሻለዋል። ጤናማ የሆነና ዳገት የለመደ ሰው በተቃራኒው በቀን በደረጃ ወጥቶ በግመል መንገድ ቢወርድ ጉልበቱን ያሳርፋል።

ወቅት፦ በክረምት (ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት) ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊቀዘቅዝና በረዶም ሊጥል ይችላል። በረዶ በያዘው ጊዜ ደረጃዎቹ ያንሸራትታሉ። በበጋ ደግሞ የቀኑ ፀሐይ ጥላ በሌለው ዐለት ላይ ስለሚበረታ በቀን የሚወጣ ሰው ማለዳ ተነሥቶ በቂ ውሃ መያዝ አለበት። በሌሊት ጉዞ በሁሉም ወቅት ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል፤ በመንገድ ያላበው ሰው ጫፉ ላይ ቆሞ ፀሐይን ሲጠብቅ ብርድ ይመታዋል።

ዓላማ፦ የፀሐይ መውጫን ለማየት የሚሄድ ሰው በሌሊት በግመል መንገድ ከብዙ ሕዝብ ጋር ይጓዛል። ለጸሎትና ለጽሞና የሚሄድ ሰው በደረጃዎቹ፣ በተለይም ከሰዓት በኋላ፣ የበለጠ ጸጥታ ያገኛል። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ የወጣ ሰው ሳይጨልም ለመውረድ ጊዜውን አስቀድሞ ማስላት፣ ባትሪም መያዝ ይገባዋል።

የገዳሙ ሰዓት፦ ገዳሙ ለጎብኚዎች ክፍት የሚሆነው በአብዛኛው ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ዓርብ፣ እሑድና በበዓላት ይዘጋል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚወርድ ሰው በዚህ ሰዓት መድረስ ስለሚችል ተራራውንና ገዳሙን በአንድ ቀን ማየት ይሆንለታል።

የአካባቢው መሪዎች

በተራራው ላይ መንገድ መምራትና ግመል ማከራየት በአብዛኛው የጀበሊያ በደዊኖች ሥራ ነው። ጀበሊያዎች ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ ዩስቲንያኖስ ገዳሙን እንዲጠብቁ ካመጣቸው ሰዎች እንደሚወለዱ ይተርካሉ፤ ከገዳሙ ጋር ያላቸው ትስስርም እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ጎብኚዎች ከእነርሱ መካከል መሪ ይዘው እንዲወጡ ይጠየቃል። መሪው የአየሩን ሁኔታና የደረጃዎቹን ይዞታ ስለሚያውቅ፣ በየትኛው በኩል መውጣትና መውረድ እንደሚሻል ከመነሣት በፊት እርሱን መጠየቅ ይበጃል።

ደግሞ ይዩ

ቅድስት ካትሪን ገዳም
ኮሬብ
ኤጌሪያ
ነቢዩ ኤልያስ
ዐሥርቱ ትእዛዛት