ኮዴይን ከፋርማሲዎቻችን ለምን ጠፋ?

መርካቶ ከታላቁ አንዋር መስጂድ ሰግዳችሁ ስትወጡ አንዱ ፋርማሲ ጎራ ብላችሁ ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ብትጠይቁ፣ የለም ትባላላችሁ። የምንዛሪ እጥረት አይደለም። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን ከአገሪቱ ገበያ አግዶታል። ሰበቡ የኛው ጉበት ነው።

ታሪኩ ከሩቅ ይነሳል። ኢብኑ ሲና (980–1037) «አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ» በተሰኘው ኪታባቸው ሕመም ከሚያደነዝዙ ነገሮች ሁሉ ኃይለኛው አፍዩን፣ ማለትም ኦፒየም እንደሆነ ጽፈዋል። ለምን እንደሚያደነዝዝ ለማወቅ ግን የሰው ልጅ ወደ 1000 ዓመት ገደማ ጠብቋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአፍዩን ውስጥ መጀመሪያ ሞርፊን፣ በ1832 ደግሞ ኮዴይን ተለይተው ወጡ። በ1973 ተመራማሪዎች አንጎል ውስጥ ሞርፊን እንደ ቁልፍ የሚገጥምበትን ቦታ አገኙ። አንጎላችን ለአንድ ተክል ወተት ቁልፍ ቀዳዳ ማዘጋጀቱ ግን እንቆቅልሽ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ስኮትላንድ፣ አበርዲን ውስጥ ሂዩዝና ኮስተርሊትዝ መልሱን አገኙት፦ አንጎል የራሱን ማስታገሻ ይሠራል፤ ሞርፊን የሚገባው በዚያው በር ነው።

ሞርፊን ቁስሉን አይነካውም። ከቁስሉ የሚመጣው መልእክት አከርካሪ ላይ ሲደርስ ለቀጣዩ ነርቭ እንዳይተላለፍ ያፍነዋል። ከላይም ከአንጎል ወደ አከርካሪ የሚወርደውን፣ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን በተባሉ ኬሚካሎች የሚሠራውን የሕመም ማፈኛ መስመር ፍሬኑን ይለቅለታል። ችግሩ ትንፋሽን በሚመራው የአንጎል ክፍል ላይም ያው ቀዳዳ መኖሩ ነው። መጠኑ ሲበዛ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ትንፋሹም ይቆማል።

ወደ ኮዴይን እንመለስ። ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው፤ የሚሠራው ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ስዊድን ያሉ ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ዘረ-መል ተደራርቦ ተገኘባቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው። እንግዲህ አውሮፓ ውስጥ «ቀላል» ተብሎ የሚታዘዘው ክኒን ከኛ ብዙዎቹ ሆድ ሲገባ ቶሎና በብዛት ሞርፊን ይሆናል ማለት ነው። ከእገዳው በስተጀርባ ያለው ስጋት ይኸው ነው።

ስለ ትራማዶል ግን ብዙም አይወራም። እሱ ሁለት መንገድ አለው፦ በራሱ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን ያበዛል፤ ያው የጉበት ኢንዛይም ሲቀይረው ደግሞ የሞርፊንን ቀዳዳ ይከፍታል። በሐኪም ትእዛዝ ለብዙ በሽተኛ እፎይታ ነው። ያለ ማዘዣ፣ «ጓደኛዬ ሁለት ወስዶ ምንም አልሆነም» ብሎ የሚውጥ ወጣት ግን የጓደኛውን ጉበት ነው የቆጠረው። ባንኮኒ ጀርባ የቆመው ፋርማሲስትም የማናችን ጉበት የትኛው እንደሆነ በዓይኑ አይቶ ሊለይ አይችልም።