«ስፒሪት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃልና በነቀምቴ ስላጋጠመው ነገር
(በሬዲዮ የተነገረ)



በየመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እንደሚያውቁት፤ ተርጓሚን የሚያስቸግረው ረጅምና እንግዳ የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል አይደለም። እንዲህ ያለው ቃል ሲያጋጥም መዝገበ ቃላት ገልጦ ማየት ይበቃል። የሚያሳስተው ሁሉም ሰው አውቀዋለሁ የሚለው፤ መዝገቡን ሳይገልጥ የሚያልፈው አጭርና የተለመደ ቃል ነው። ዛሬ ከእነዚህ አንዱን፤ ማለት «ስፒሪት» የሚባለውን ቃል መርጠን፤ ከየት እንደ መጣና ስንት ትርጉም እንደ ተሸከመ፤ ከዚያም የዚህ ቃል ችግር በወለጋ፤ በነቀምቴ ከተማ እንዴት እንደ ታየ እንነጋገራለን። በንግግራችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አንድ እንግሊዛዊ «ስፒሪት» ሲል፤ ሥጋ የሌለውን ረቂቅ አካል ማለቱ ሊሆን ይችላል። የሰውን ወኔና ቈራጥነት ማለቱም ሊሆን ይችላል። ቃሉን በብዙ ቍጥር አድርጎ «ከፍ ብሏል» ካለ ስለ ሰውየው ደስታ መናገሩ ነው፤ «ዝቅ ብሏል» ካለም ስለ ትካዜው ነው። የሕግ ባለሙያ ሲናገረው ደግሞ ከሕጉ ፊደል በስተ ጀርባ ያለውን ዋና አሳብ ያመለክታል። በመሸታ ቤት አረቄና አረቄን የመሰለ ብርቱ መጠጥ ሁሉ በዚሁ ቃል ይጠራል፤ በመድኃኒት ቤትም ቍስል የሚጠረግበት፤ ሲለኰስ የሚነደው ፈሳሽ ስሙ ይኸው ነው። እንግዲህ ለሆስፒታል ከተጠየቀ ዕቃ ዝርዝር ውስጥ «ሃያ ጠርሙስ ስፒሪት» የሚል ቢገኝና ተርጓሚው «ሃያ ጠርሙስ መንፈስ» ብሎ ቢጽፍ፤ የግምጃ ቤቱ ሹም ወደ ቄስ ይላክ ወይስ ወደ ፋርማሲ ይላክ ግራ ሊገባው ነው።

እንግሊዝኛ ለዚህ ቃል ተመሳሳዮች አሉት። «ሶል»፤ «ጎስት»፤ «ማይንድ»፤ «ከሬጅ» የሚባሉት ሁሉ ይጠጉታል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው በአንድ ወገን ብቻ ይነኩታል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይተኩትም። «ሶል» ነፍስ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ግን አይገባም። «ከሬጅ» ጀግንነት ነው፤ የሕግ አሳብ ግን አይሆንም።

ይህ ሁሉ ትርጉም በአንድ ቃል ላይ የተከመረው ቃሉ ብዙ አገር ስለ ዞረ ነው። መነሻው «ስፒሪቱስ» የሚባለው የላቲን ቃል ሲሆን የመጀመሪያ ትርጉሙ እስትንፋስ ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛ አማካይነት ብዙ የላቲን ቃላት ወደዚያ አገር ሲገቡ ይህም ገባ። በዚያ ጊዜ እንግሊዞች «ጎስት» የሚል የራሳቸው ቃል ነበራቸውና ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ኖሩ። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ለመንፈስ ቅዱስ አንዳንድ ጊዜ ይህንን፤ አንዳንድ ጊዜ ያንን ይጠቀማል። ከጊዜ በኋላ ግን «ጎስት» የሙት መንፈስ የሚያስፈራራበት የሌሊት ተረት ስም እየሆነ ስለ ሄደ፤ በ1901 በአሜሪካ የወጣው እትም ለመንፈስ ቅዱስ «ስፒሪት» የሚለውን ብቻ ያዘ። የመጠጡ ስም የመጣው ከአልኬሚስቶች ነው፤ ፈሳሽ ሲፈላ የሚወጣውን እንፋሎት የነገሩ እስትንፋስ አድርገው ስለ ቈጠሩት በዚያው ስም ጠሩት።

በእኛም ዘንድ ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ነፈሰ ከሚለው ግሥ ነፋስ፤ ነፍስ፤ እስትንፋስና መንፈስ ወጥተዋል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ጌታ ለኒቆዲሞስ ሲናገር ነፋስና መንፈስ በጽርእ ቋንቋ አንድ ቃል ናቸው። እንግሊዛዊው ሁለት የማይዛመዱ ቃላት ሲያነብ አማርኛ አንባቢ ግን ዝምድናቸውን በጆሮው ይሰማል። ነገር ግን መንፈስ ለሁሉ ቦታ አይበቃም። የፈራ ሰው «ቆሌው ተገፈፈ» ወይም «ወኔው ከዳው» ይባላል እንጂ መንፈሱ ቀነሰ አይባልም። ሞንቴስክዩ በ1748 ያሳተመውን ታላቅ መጽሐፍ «የሕጎች መንፈስ» ማለታችን፤ ከ1955ቱ ጉባኤም በኋላ «የባንዱንግ መንፈስ» የሚለውን መልመዳችን የሚያስነቅፍ አይደለም። ዳሩ ግን ዛሬ በየደብዳቤው «በመልካም መንፈስ ታይቶ» እየተባለ የሚጻፈው፤ «በቅን ልቡና ታይቶ» ቢባል የሚሻል ይመስለኛል። ልቡና የሚል ቃል ሞልቶን ሳለ መንፈስን እንዲህ ማድከም ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

ቃሉ በጎረቤት ቋንቋ ምን እንዳጋጠመው ለማየት አሁን ወደ ነቀምቴ እንሻገር። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት አናሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር፤ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር። ይህ ስም በኦሮምኛ መፍታትና መተርጐም ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር ያለው መሆኑ ግሩም ነገር ነው። በልጅነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች ተይዘው ከእጅ ወደ እጅ ከተሸጡ በኋላ በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጡ፤ እምኵሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው በ1872 ሲጠመቁ አናሲሞስ ተባሉ። ይህም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የሚገኘው ባሪያ ስም ነው። ከዚያም ስዊድን አገር ሄደው ተማሩ።

አናሲሞስ ከአገራቸው በልጅነት ስለ ወጡ ለትርጉሙ የሚያስፈልገው የኦሮምኛ ቃል ሁሉ በእጃቸው አልነበረም። ይህን ጕድለት ለመሙላት ብዙ የረዳችው አስቴር ገኖ ናት። እርሷም እንደ እርሳቸው በባርነት የተሸጠች ስትሆን፤ በቀይ ባሕር ስትሻገር በ1886 ኢጣልያኖች መርከቧን ይዘው ነጻ አወጧትና ወደ እምኵሉ መጣች። አስቴር አምስት መቶ ያህል ዘፈን፤ ተረትና ምሳሌ ከልቧ አውጥታ ጻፈች፤ ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ ቃላትንም ሰበሰበች። ከዚህ የተወሰደው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 ታተመ። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኵሉ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና በግዕዝ ፊደል ተፈጸመ። ሁለቱም በ1904 ወደ ነቀምቴ ገቡ፤ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በክብር ተቀበሏቸው።

አናሲሞስ የተረጐሙት ከእንግሊዝኛ ነው ማለታችን አይደለም፤ የቃሉ ችግር ግን ያው ነው። የስዊድኑ ቃል «አንደ»ም እንደ ላቲኑ ከመተንፈስ የመጣ ነው። በኦሮምኛ ለዚህ አሳብ የሚቀርቡ ቃላት ብዙ ናቸው። «ሉቡ» ነፍስና ሕይወት ነው፤ «ኤኬራ» የሙት መንፈስ ነው፤ «ሐፉራ» እስትንፋስ ነው፤ «አያና» ደግሞ ከሁሉ የሰፋው ነው። አያና በቃሉ ላይ የሚያድር ረቂቅ ኃይል ነው፤ ቃሉ የምንለው እዚህ ላይ የአያናውን አገልጋይ፤ ሕዝቡ ፍርድና ምክር የሚጠይቀውን ሰው ነው። አያና የሰው ዕድልም ነው፤ ዕድለኛ ሰው አያና ያለው ይባላል። በቦረና የዘመን አቈጣጠር 27ቱ ዕለታት እያንዳንዳቸው አያና ይባላሉ።

ለመንፈስ ቅዱስ አያናን መምረጥ ቀላል ይመስል ነበር፤ ሕዝቡ ያከብረዋልና። ነገር ግን ሰሚው «ይህ ደግሞ የየትኛው ቃሉ አያና ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን መልስ ይሰጠዋል? ሐፉራን መምረጥም ጭንቅ አለው፤ ሩጦ የደከመ ሰው የሚያወጣው ትንፋሽም ሐፉራ ነውና። በተጨማሪም ነፋስ በኦሮምኛ «ቂሌንሳ» ስለሚባል፤ በኒቆዲሞስ ንግግር ውስጥ ያለው የነፋስና የመንፈስ ዝምድና ይጠፋል። ይህ ሁሉ እያለ ዛሬ በወለጋ ምእመናን አፍ መንፈስ ቅዱስ «ሐፉራ ቁልቁሉ» ነው። ላቲኑ፤ ጽርኡና ግዕዙ በሄዱበት መንገድ ኦሮምኛውም በእስትንፋስ በኩል ሄደ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ምርጫው ትክክል ነው፤ ባዶ የሚመስል ቃል በአዲስ ትርጉም ይሞላል፤ ሞልቶ የፈሰሰውን ቃል ግን ማጉደል ከባድ ነው።

ሆኖም አያና ወድቆ አልቀረም። በኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጸጋ የሚለውን አሳብ ተሸከመ።

አናሲሞስ በ1931 በሰኔ ወር በነቀምቴ ዐረፉ፤ አስቴርም በ1964 በዚያው ከተማ ዐረፈች። አያና ግን አሁንም ሌላ ሥራ ጨምሮ ይዟል። ከነቀምቴ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በዲጋ አንድ ባለ ጉዳይ ማመልከቻውን ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገሰግስ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው «ዛሬ አያና ነው» ቢለው፤ ስለ መንፈስም ስለ ጸጋም አይደለም። በዓል ስለ ሆነ ቢሮው ተዘግቷል ማለቱ ነው።