አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት

እንግዲህ ስሙኝ። የማወራችሁ ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ያለው ነቀምቴ፣ ከአንድ የቡና መጋዘን ጎን በተለጠፈች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። ቢሮዋ ጀንፈል ጀንፈል ትሸታለች። የኮምፒውተሩ ባለቤት ቡና አቅራቢ ናቸው፤ ስማቸውን አልነግራችሁም። ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ይላቸዋል፣ እኔም እንደ ሰፈሩ ኦቦ እላቸዋለሁ።

የጠራኝ የእህታቸው ልጅ ነው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ይማራል፤ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ ለክረምት አጎቱ ዘንድ ገብቷል። ስልክ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ላራቬል እምቢ አለኝ» አለኝ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነው። «ስንት ቀን ሆነው?» ብለው «ዘጠኝ» አለ። ዘጠኝ ቀን! እኔም ፍላሼን አንጠልጥዬ ዓርብ ነሐሴ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። መንገዱ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን አልፈን፣ ባኮ ላይ ጥብስ በቆሎ በመስኮት ገዝተን፣ በሲሬ በኩል ነቀምቴ ስንገባ መሽቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ላራቬል ምንድን ነው ለምትሉ ላስረዳ። ድረ ገጽ ወይም የመዝገብ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ሁሉን ነገር ከባዶ አይጀምርም። ቤት ሠሪ ምሰሶው ቆሞ፣ ማገሩ ተማግሮ ቢያገኝ ጭቃውን ብቻ ይመርግ የለ? እንደዚያ ነው። መጻሕፍት ማዕቀፍ ይሉታል፤ ልጆቹ ግን ፍሬምወርክ ነው የሚሉት። ላራቬልን ቴይለር ኦትዌል የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2011 አወጣው። ምሰሶና ማገሩን ደግሞ ከያለበት ለቅሞ የሚያመጣ ኮምፖዘር የሚባል ተላላኪ አለ፤ እሱ የመጣው በ2012 ነው። እነዚህን ሁለት ዓመታት ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ኦቦ ፍሬምወርክ ምን ያደርግላቸዋል? ቀድሞም ፕሮግራም ነበራቸው፤ አንድ ሰው ሠርቶላቸው የሄደ። ከጊምቢ፣ ከነጆ፣ ከአርጆ ሰብሳቢዎች ቡና ሲያስገቡ የሰውየውን ስም፣ የፈረሱላውን ቁጥርና ቀኑን ይመዘግብና ደረሰኝ ያትማል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ሒሳቡን አሳምሮ ያውቃል። የማያውቀው ሁዻን ነው። በአፋን ኦሮሞ ጽሕፈት፣ በቁቤ፣ በሁለት አናባቢ መካከል ከላይ የምትንጠለጠል ጭረት አለች፤ ሁዻ ትባላለች። በመረጃ ቋት ቋንቋ ደግሞ ያችው ጭረት «ጽሑፉ እዚህ አለቀ» ማለት ናት። ስሙ ውስጥ ሁዻ ያለበት ሰው ሲመዘገብ ፕሮግራሙ ስሙን መሀል ላይ ይቆርጥና ይወድቃል። አንድ የአርጆ ሰብሳቢ በዚህች ጭረት ምክንያት ሦስት ዓመት ሙሉ ደረሰኙ በእጅ ሲጻፍለት ኖሯል። «ኮምፒውተሩ ይጠላኛል» ይል ነበር አሉ። ላራቬል እንዲህ ያለውን ጭረት ከትእዛዝ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ልጁም ቡናው በኅዳር ሳይደርስ አዲስ ፕሮግራም ልሠራ ብሎ ነበር የተነሣው።

ቅዳሜ ጠዋት ተቀመጥን።

የመጀመሪያው ሕመም ቀላል ነበር። ላራቬል የተጻፈበት ቋንቋ ፒኤችፒ ይባላል፤ ማሽኑ ላይ የተጫነው 5.6 ነው፤ የልጁ ላራቬል ደግሞ ከ7.1.3 በታች አልነካም ይላል። አዲሱን በፍላሽ ይዤ ነበርና ጫንኩት። ሁለተኛው የባሰ ቀላል፣ ግን የባሰ አናዳጅ ነው። ኮምፖዘር በተቆለፈ መንገድ ካልሆነ አይጓዝም፤ መቆለፊያውን የሚሠራው ክፍል በዚያ ማሽን የቅንብር ፋይል ውስጥ ከፊቱ አንዲት የፈረንጅ ድርብ ሰረዝ ተደርጋ ተኝቷል። ድርብ ሰረዟን ሰረዝኳት፣ ነቃ። ልጁ ራሱን ይዞ «ለዚህች ነጥብ ነው?» አለ። እኔም የባለሙያ ፊት አድርጌ ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬ እስከ አምስት ሰዓት አልቆየችም።

ስልኬን በገመድ አገናኝቼ፣ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ፣ ኮምፖዘርን ላክሁት። ሄደ፣ ተመለሰ። የምስክር ወረቀቱን ማረጋገጥ አልቻልኩም አለ። ደግሜ ላክሁት፤ ያንኑ አለ። የልጁን ስልክ አገናኘን፤ ያው። ጸረ ቫይረሱን አጠፋን፤ ያው። የታመኑ ፈራሚዎችን ዝርዝር አዲሱን ከፍላሽ አምጥቼ አስገባሁ፤ ያው። የኦቦ ባለቤት ሁለተኛውን ቡና አፍልተው አቦሉን ቀዱልን፤ ቶናው ሲደርስም ያው።

ልጁ ከደብተሩ አንድ ነገር አወጣ። «ጋሼ፣ ማረጋገጡን የሚያጠፋ ትእዛዝ አለ። አንድ መስመር ናት። ሞክሬያት አላውቅም፣ ፈርቼ ነው።» እውነቱን ልናገር፤ እጄ ወደ ፊደል ገበታው ሄዷል። ኦቦ ከበሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሮ፣ «ያ ወረቀት ምን ይሠራል?» አሉ። ዕቃው ከትክክለኛው ላኪ መምጣቱን፣ መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳልነካው ያሳያል አልኳቸው። «መኪናዬ ማኅተሙ ተፈቶ አዲስ አበባ ቢደርስ፣ ተቀባዩ ቡናውን ሳያይ ይረከበኛል?» አይረከብዎትም አልኩ። «ታዲያ አንተስ?» እጄን መለስኩ።

ምን አለፋችሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እስካሁን አሳሹን አልከፈትንም። በዚያ ማሽን ኢንተርኔት የሚያይ ሰው የለም፤ ልጁም መፍትሔ የሚፈልገው በስልኩ ነው። ተስፋ ስቆርጥ ከፈትኩት። ገጹ አልመጣም፤ በምትኩ አንድ ትልቅ ሰዓት ተስሎ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ኦቦ ተቆጡ። «የት ነው የቀረው? ጠዋት ራሴ ነኝ የሞላሁት!» ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር በጣታቸው መቱት። «ዛሬ ነሐሴ 12 ነው። ነገ ቡሄ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ።» ከስክሪኑ ጥግ አየሁ። 9:15 ይላል። ከሥሩ 12/12/2010። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ከሩብ። ካላንደሩን አየሁ፤ አሥራ ሁለተኛው ወር፣ አሥራ ሁለተኛው ቀን፣ 2010። ሁሉም ልክ ነው። ጠዋት ጀምሮ ያችን ጥግ ስንት ጊዜ እንዳየኋት እንጃ፤ ባየኋት ቁጥር ልክ ናት።

ልጁ ነው ቀድሞ የገባው። ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ... ለፈረንጅ ይሄ ዲሴምበር ነው» አለ።

እስቲ አስቡት። ማሽኑ ዲሴምበር 12 ቀን 2010 ላይ ተቀምጧል፤ ዓለም ኦገስት 18 ቀን 2018 ላይ ናት። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ። የምስክር ወረቀት ሲጻፍ የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ይጻፍበታል። ኮምፖዘር ደጅ ላይ ወረቀቱን ተቀብሎ ቀኑን ሲያይ ገና ያልመጣ ዘመን ሆነበት፤ ገና ያልመጣ ዘመን ማኅተም ያለበትን ወረቀት ደግሞ ማንም ጤነኛ ዘበኛ አይቀበልም። ያዙልኝ ያልኳችሁን ዓመታት አሁን አምጡልኝ፦ በዚያ ማሽን ዘመን ላራቬል ገና አልተወለደም። ኮምፖዘር ራሱ አልተወለደም። ቀኑ አንድ ቀን ቀድሞ ቢሆን ኖሮ 12/11 የሚለውን አይቼ ሐምሌ መስሎኝ እነቃ ነበር። ግን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ገጠመ።

ስልክ ስናገናኝ ለምን ራሱን አላስተካከለም ትሉ ይሆናል። ዊንዶውስ ደቂቃና ሰዓት ያቀናል እንጂ፣ ለብቻው ባለ ማሽን ላይ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ካለፈ አንዱ ሰው ሊያታልለኝ ነው ብሎ ይተወዋል።

አሁን ኦቦን «ካላንደር ተሳስተዋል» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኔም ልል ነበር። ጠየቅኋቸውና አፈርኩ። የቀድሞው ፕሮግራም ደረሰኝ ላይ የሚያትመው የማሽኑን ቀን ነው። ማሽኑ በፈረንጅ ሲቆጥር ደረሰኙ በፈረንጅ ይወጣል፤ የነጆ ሰብሳቢ ደግሞ ዲሴምበር የሚባል ወር አያውቅም፣ ሒሳብ ሲተሳሰቡ ጭቅጭቅ ነው። ደግሞም የማሽኑ ትንሿ ክብ ባትሪ ከሞተች ቆይታለች፤ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ይጠፋል፣ መብራት ደግሞ ይሄዳል። ስለዚህ ኦቦ ጠዋት ጠዋት ካላንደሩን እያዩ በእጃቸው ይሞላሉ። ፕሮግራሙን ማስተካከል ባይችሉ ዘመኑን አስተካከሉ። እኔ ይህን ሞኝነት አልለውም።

«ጥቅምት ላይ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። ሳቁ። ጥቅምት ለማሽኑ ፌብሩዋሪ ነው፤ በ28 ያልቃል። ጥቅምት 29 እና 30 ደረሰኝ በእጅ ይጻፋል። ጥቅምት 1 ሲነጋ ደግሞ ማሽኑ 31 ብሎ ይጠብቃቸዋል፤ እሱን ሰርዘው ወደ ሁለተኛው ወር ያሻግሩታል። «ጳጉሜስ?» «በጳጉሜ» አሉ ኦቦ፣ «ኮምፒውተሩ ያርፋል።»

ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ አዞርኩትና ኮምፖዘርን ላክሁት። ወረደ! አንዱ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሰባ ያህል ጥቅሎች ናቸው፤ በስልክ ኢንተርኔት፣ በዝናብ። እየጠበቅን ለልጁ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ስለ ኦነሲሞስ ነሲብ አወራሁት። ኋላ እዚሁ ነቀምቴ ነው የኖረውና የሞተው። ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው ስዊዘርላንድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1899። ለወለጋ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ ባሕር ተሻግሮ ታትሞ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ልጁ እያየኝ ሳይሆን ጥቁሩን መስኮት እያየ፣ «አርባ ሦስት ደረሰ» አለ። ያን ጊዜ መብራት ሄደ።

ጨለማው ውስጥ የሰማሁት ትንፋሽ እስካሁን ያሳዝነኛል። ግን ኮምፖዘር ያወረደውን በጓዳው ያስቀምጣል። ማታ ሦስት ሰዓት መብራት ሲመጣ ቀኑን እንደገና ሞላን፤ አርባ ሦስቱን ከጓዳ አወጣ፣ የቀሩትን አወረደ። ከዚያ በኋላ ያሉት ትናንሽ ናቸው። ምስጢራዊ ቁልፍ የለኝም አለ፣ በአንድ ትእዛዝ አገኘ። የመረጃ ቋቱም የመለያው ርዝመት ከ767 ባይት በለጠብኝ አለ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አራት ባይት ስለሚመድብ 255 ፊደል 1020 ይሆንበታል፤ ወደ 191 አወረድነው፣ ተስማማ። ላራቬል ከእኩለ ሌሊት በፊት ተነሣ።

ግን የኦቦ ችግር የባሰ ሆነ እንጂ አልተፈታም፤ ማሽኑ አሁን ፈረንጅ ነው። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ጥቅል አወረድን። አንደኛ ይባላል፤ የፈረንጁን ቀን ወደ ኢትዮጵያ የሚመልስ የፒኤችፒ ሥራ ነው። ማሽኑ በውስጥ በዓለም ቀን ይቁጠር፤ ሰው የሚያየው ደረሰኝ ላይ ግን ነሐሴ ይውጣ። ይህን ስንጽፍ አነጋን ማለት ይቻላል። ባትሪዋን ደግሞ እሑድ ረፋድ ሰዓት ጠጋኙ ዘንድ አገኘናት።

ኦቦ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የአርጆውን ሰውዬ ስም ልጁ ከነሁዻው ጻፈ። ደረሰኙ ወጣ፤ ስሙ ሙሉ፣ ከሥሩ ነሐሴ 13 ቀን 2010። ኦቦ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ጳጉሜ 6 ብለህ ጻፍ» አሉት።

ልጁ ጻፈ። ማሽኑ ዘንድሮ ጳጉሜ አምስት ናት ብሎ መለሰው።

«የከርሞውን ጻፍ።»

ጳጉሜ 6 ቀን 2011። ተቀበለ፣ አተመ።

«ኤሱማ፣ አጎቴ፣ አሁንስ አመኑ?» አለ ልጁ። ኦቦ አልመለሱለትም። ተነሥተው ከመሳቢያው ነጭ ፕላስተር አወጡ፤ ለጣት ቁስል የሚሆነውን። በጥርሳቸው ቆርጠው ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ ኦገስት 19 የሚለው ላይ ለጠፉት። አውራ ጣታቸውን ሁለት ጊዜ አስኬዱበትና ወደ ካላንደሩ ዞረው የቅዳሜን ቀን በእስክሪብቶ ሰረዙ።