ቀባሪውን አደራጀን፤ ጧሪውስ?

በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩ። ወድጄ አልነበረም። ስብሰባ የቀረሁ ቀን "እሱ ጽሕፈቱ ያምራል" ተብሎ በሌለሁበት ተመረጥኩ። (እድር ውስጥ ስብሰባ የቀረ ሰው ወይ ይቀጣል፣ ወይ ይመረጣል።) ሥራው ከባድ አይደለም። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ጠዋት ከገንዘብ ያዡ ጎን ተቀምጦ ስም መጥራት፣ የከፈለውን መመዝገብ፣ ደብተሩ ላይ መፈረም ነው።

በየወሩ ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ "እማማ" ነው የሚላቸው። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ጉልበት በነበራቸው ጊዜ ጉሊት ተቀምጠው ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጡ ነበር፤ እግራቸው እምቢ ሲል ከደጃቸው ቁጭ ብለው ቆሎ መስፈር ጀመሩ፤ በመጨረሻ ያም ቀረ። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አሥር ብሯን ሲያወጡ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ግን ቀን አሳልፈው አያውቁም።

አንድ ማለዳ ጡሩንባው በሳቸው ስም ተነፋ። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ብረት ድስቱ ተጣደ። ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ ቀበራቸው፤ ሦስት ቀን ሙሉም ተቀመጥንላቸው። ቤታቸውን ያጸዱት ሴቶች ከትራሳቸው ሥር ያገኙትን በፌስታል የተጠቀለለ የእድር ደብተር አምጥተው ሰጡኝ። 11 ዓመት ተከፍሎበታል፤ አንዲት ወር አልተዘለለችም። ከመሶባቸው የተገኘው ደግሞ ጥግ ጥጉ የደረቀ ግማሽ እንጀራ ነበር። ማታ ለቀብሩና ለእዝኑ የወጣውን ሒሳብ ስደምር፣ ገንዘቡ በሕይወት ሳሉ ቢሰጣቸው ከዓመት በላይ ሊያበላቸው ይችል እንደነበር አየሁ። ደብተሩን ዘጋሁት። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ "ጧሪ ቀባሪ" የሚለው አባባል ያስቸግረኛል። ሽማግሌ ሲመርቅ "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ" ይላል። ጋዜጣው ስለ ችግረኛ አረጋውያን ሲጽፍ "ጧሪና ቀባሪ የሌላቸው" ይላል። ሁለቱን ቃላት እንደ መንታ አንድ ላይ እንጠራቸዋለን። ታሪካቸውን ለተከታተለ ሰው ግን መንገዳቸው ከተለያየ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ቀባሪው ማኅበር፣ ደንብ፣ ሊቀመንበር፣ መዝገብና ድንኳን አገኘ። ጧሪው እንደ ድሮው ልጅ ብቻ ሆኖ ቀረ።

መጦር ከግእዙ "ጾረ" የመጣ ነው፤ ተሸከመ ማለት ነው። ወላጅ በሕፃንነትህ ተሸክሞሃል፤ በተራህ ትሸከመዋለህ። ልጅ የሌለውስ? የድሮ ሰው ይህን ሳያስብበት አልቀረም። የጡት ልጅ የሚባል ነገር ነበር፤ ከሌላ የተወለደውን በመሐላ ልጅ አድርጎ፣ ርስት አውርሶ፣ በእርጅና ጊዜ በሱ መደገፍ ነው። ከኦሮሞ ባህል ያገኘነው ጉዲፈቻም ዛሬ የምናስበው ወላጅ የሌለውን ሕፃን ነው እንጂ፣ በሌላ ጎኑ ልጅ ያላገኙ ባልና ሚስት ወራሽና ጧሪ የሚያገኙበት መንገድ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት በእርጅናዋ ቆብ ደፍታ ወደ ደብር ትጠጋለች። ገዳም የገባ መነኩሴ መቁነኑን ያገኛል። ደጀ ሰላም ለተቀመጠው ደግሞ ተዝካር አለ፤ አርባ አለ፤ ሙት ዓመት አለ፤ በየወሩ የሚዞር የጽዋ ማኅበር አለ። በሙስሊሙም ዘንድ ዘካና ሰደቃ ይህንኑ ችግር ያስታግሱ ነበር።

ይህን ስል የድሮውን ዘመን ላሞጋግስ አይደለም። ተዝካር ስንቱን ቤት በዕዳ አራቁቷል። የነዳያኑ ምግብ የሚመጣው ሰው ሲሞት ነው፤ ያልሞተበት ሳምንት ጾም ነው። ደግሞም ጧሪ የሚገኘው ርስት ላለው ነበር። መሬት በእጁ ያለ ሽማግሌ ልጅም፣ የልጅ ልጅም፣ የጡት ልጅም አያጣም። ጭሰኛ ሆኖ ያረጀውን፣ በሰው ቤት ወጥ ስትሠራ ያረጀችውን ማን ልጅ ይሁናቸው?

እድር ከተማ ውስጥ ተስፋፍቶ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አመጣጡን የሚያጠኑ ሰዎች እርስ በርስ አይስማሙም። ገሚሶቹ ወደ አዲስ አበባ የገቡት ጉራጌዎች ከአገር ርቀው ሲሞቱ ሬሳቸው እንዳይጣል ያቋቋሙት ነው ይላሉ፤ ገሚሶቹ በ1928 ከጀመረው የጣሊያን ወረራ ጋር ያያይዙታል። ወሎ ውስጥ ቅሬ የሚባለው ወንድሙ አለ። የሁሉም መነሻ ግን አንድ ፍርሃት ነው፤ በባዳ አገር፣ ዘመድ በሌለበት፣ ያለ ቀባሪ መቅረት። ለዚህ ፍርሃት የተሰጠው መልስ እጅግ የተዋጣለት ስለነበር ሁለት መንግሥታት ወድቀው እድር አልወደቀም። በከተማችን ሀብታሙና ድኻው፣ ሚኒስትሩና ዘበኛው እኩል ስማቸው የሚጠራበት ሌላ መዝገብ አላውቅም።

ነገር ግን እድር የሚሠራው በፍርሃት ልክ ነው። ያለ ቀባሪ መቅረትን እንፈራለን። ያለ ጧሪ መቅረትን ግን ልጅ እያለን፣ ጉልበት እያለን፣ አንፈራውም። ልጅ የሌለን እለት ደግሞ እድሩ "ካልከፈሉ ይሰረዛሉ" የሚል ደንብ ይዞ ይጠብቀናል። እማማ የሚበላውን ትተው መዋጮውን የከፈሉት ለዚህ ነበር።

መንግሥትም በበኩሉ ከጧሪው ቃሉን ወሰደ። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ልጅ ለወላጁ የሚያደርገው ነገር ስም የቢሮ ስም ሆነ። ጡረታ ወጣ፣ የጡረታ ደብተር፣ ጡረተኛ። ጥሩ ነው፤ ብዙ ቤት አቁሟል። የደረሰው ግን ለመንግሥት ሠራተኛውና ለወታደሩ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ የራሱን የጡረታ አዋጅ፣ ቁጥር 715ን፣ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ 48 ዓመት ቆይቶ። ገበሬው፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ ጠላ ጠማቂዋና ተሸካሚው ቃሉን ይሰሙታል እንጂ ደብተሩን አላዩትም።

ለነሱ ሕጉ ያስቀመጠላቸው ልጃቸውን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ የተቸገረ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ አለበት ብሏል፤ በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። ስለዚህ አንዲት እናት ልጇን ፍርድ ቤት ገትራ ቀለብ ማስቆረጥ ትችላለች። እስቲ እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ ልጃቸውን ከሚከሱና ከሚለምኑ የቱን ይመርጣሉ? እኔ የጠየቅኋቸው ሁሉ ሳይከሱ ይለምናሉ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 አረጋውያንን ይጠቅሳል፤ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ይረዳቸዋል ይላል። "አቅም በፈቀደ" የምትለዋን ሐረግ ከቢሮ ደጅ የተመላለሰ ሁሉ ያውቃታል።

አንድ ያልተጻፈ ጡረታ ግን ነበረን፤ ጡረታ መሆኑንም ያወቅነው ሲፈርስ ነው። የቀበሌ ቤትን ነው የምለው። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ለብዙዎች ግፍ ነበር። ሁለትና ሦስት ክፍል እያከራዩ በእርጅናቸው ይተዳደሩ የነበሩ ባልቴቶች ጧሪያቸው ያ ኪራይ ነበር፤ በአንድ ሌሊት አጡት። በሌላ በኩል ኪራዩ ተቀንሶ፣ ርካሾቹ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጥተው፣ በወር በጥቂት ብር የሚኖርባቸው ሆኑ። ብሩ እየረከሰ ሲሄድ ኪራዩ ባለበት ቆመ። ስለዚህ በ1970ዎቹ ጎልማሳ ሆና የገባች ሴት በ1990ዎቹ ስታረጅ፣ የሚያፈስ ጣሪያና የጋራ ሽንት ቤት ይኑራት እንጂ፣ ከዚያ የሚያስወጣት አልነበረም። በደጇ ጉሊት አለ። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤት ጭስ ካልታየ "ምን ሆኑ?" ብላ ትገባለች። እድሩም እዚያው ነው።

ከዚያ ልደታ ፈረሰ፤ አራት ኪሎ ፈረሰ፤ በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ። ሰፈሮቹ ማርጀታቸውን አልክድም፤ የመዲናዋ መሐል እንዲያምር የማይፈልግ የለም። ተነሺዎቹ ምትክ ቤት የተሰጣቸው አሉ፤ ከድሮው የተሻለ ግድግዳም አግኝተዋል። ነገር ግን የ75 ዓመት አሮጊት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማያውቋት ሰዎች ጋር፣ ከጉሊቷ በሁለት ታክሲ ርቀት ላይ ስትቀመጥ፣ ያጣችው ቤት ብቻ አይደለም። ያቺ ጭስ የምትጠባበቅላት ጎረቤት የት ሄደች? ካሣ ሲተመን እሷን የሚያስገባ ቅጽ አላየሁም።

ልጅ ራሱ የሚጠፋበት ዘመንም መጣ። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ጧሪዎቹን ወሰደና፣ ይጦሩኛል ብለው ያረጁ እናቶች የልጅ ልጅ አሳዳጊ ሆኑ። ያን ጊዜ አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን ፈትሸው ሕሙማንን መጠየቅ፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር፤ እድር ከቀብር ውጭ ሌላ ሥራ አያውቅም ለሚሉ ይህ መልስ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ የጧሪነቱ ሸክም ወደ ዓረብ አገር ተሻገረ። ስንት ሽማግሌ ነው ቤይሩትና ጂዳ ባለች በአንዲት ልጁ ላብ የሚኖረው! ኅዳር 2006 ሳዑዲ ዓረቢያ ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። እኛ አውሮፕላን ማረፊያ የወረዱትን ቆጠርን። በየገጠሩ የተቋረጠባቸውን አባቶችና እናቶች ማን ቆጠረ?

በዚህ መሀል በ2002 ዓ.ም. ቢኒያም በለጠ የሚባል ወጣት የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከየመንገዱ እያነሣ በወላጆቹ ቤት ማኖር ጀመረ። መቄዶንያ ያልነው ይህን ነው። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚኖሩበት ሆኗል፤ "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" የሚለው መፈክሩንም ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። እኔ የሄድኩት የጓደኛዬ አባት ሙት ዓመት ሲደርስ ነው። ልጆቹ ድንኳን መትከሉን ትተው ለነዋሪዎቹ ምሳ ለማብላት ወሰኑ። ሰው ልደቱንም፣ ሠርጉንም እዚያ ያደርጋል። ተዝካር አልሞተም ማለት ነው፤ ቤት ቀየረ እንጂ።

እዚያ አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። "ስንት ዓመት ቆዩ እዚህ፣ አባባ?" ስላቸው "አምስት" አሉኝና፣ "እድሬን እንኳ ያኔ ነው ያቋረጥኩት" ብለው ጨመሩ። ቤታቸውን፣ ሰፈራቸውን አልጠቀሱም። መቄዶንያን ማመስገን ተገቢ ነው፤ ይሁንና እዚያ የሚደርሰው መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ነው። እንደ እማማ በራቸውን ዘግተው፣ ነጠላቸውን አጥበው፣ "ይመስገነው" እያሉ የሚራቡትን የሚያያቸው ጎረቤት ብቻ ነው። ጎረቤት ደግሞ የእድር አባል ነው።

ወደ እድራችን ልመለስ። እማማ ከሞቱ በኋላ በነበረው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ጸሐፊነቴን ተገን አድርጌ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈና ረዳት የሌላቸው አባላት ከመዋጮ ነፃ ይሁኑ፤ ከካዝናውም በየወሩ ትንሽ ይቆረጥላቸው አልኩ። ጭቅጭቁ እስከ ስድስት ሰዓት ቆየ። "ደንቡ አይፈቅድም" ያለ አለ። "ነገ ሁሉም ልጅ የለኝም ሊል ነው" ያለ አለ። "ሟች ቢበዛ በምን እንቀብራለን?" የሚለው ግን ብዙ ጭብጨባ አገኘ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና "ለሬሳዬ ያስቀመጣችሁትን እኩሌታውን በቁሜ ብትሰጡኝ፣ እኔም ብዙ ሰው አላስቸግርም፤ በሰሌን ብትቀብሩኝ ቅር አይለኝም" አሉ። ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ድምፅ ተሰጠ። ከመዋጮ ነፃ የሚለው አለፈ፤ ወርኃዊው ድጎማ ወደቀ።

በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሑድ ጠዋት፣ ጠረጴዛውን ገና ሳናወጣ፣ እኚያው ሽማግሌ በር ላይ ቆመው ነበር። ከኮታቸው ኪስ አሥር ብር አወጡ።

"አባባ፣ እርስዎ እኮ ነፃ ነዎት። ተወስኗል" አልኳቸው።

"ሰምቻለሁ ልጄ" አሉ። ብሩን ደብተሩ ላይ አስቀመጡት። "አንተ ዝም ብለህ ፈርምልኝ።"