የማይጸናው የከዋክብት ብርሃን፤ ከደቡብ ጎንደር ደጋ ሲታይ

የክረምቱ ዝናም ካበቃ በኋላ፣ በተለይም በጥቅምትና በኅዳር፣ በደብረ ታቦርና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ የሌሊቱ ሰማይ ጥርት ብሎ ይታያል። በትምህርት ቤቶቻችን ስለ ከዋክብት የሚሰጠው ትምህርት ግን በአመዛኙ ከመጽሐፍ አይወጣም። ተማሪው ኮከብ ምን እንደ ሆነ በቃሉ ያጠናል፤ አንዱን ኮከብ ለተከታታይ ሌሊቶች ተመልክቶ ያየውን በቀንና በሰዓት እንዲመዘግብ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የከዋክብት ብርሃን መለዋወጥ እንዴት እንደ ታወቀ በታሪክ ማሳየትና፣ ዕውቀቱ ከመሣሪያ ብዛት ይልቅ በተከታታይ መዝገብ የተገኘ መሆኑን ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ማስገንዘብ ነው።

ሀ/ ኮከብ እንደ መለኪያ

ሰማይን በሒሳብ መከታተል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ለማውጣት የ19፣ የ76 እና የ532 ዓመታትን ቀመሮች ይጠቀማል፤ ዕለትንም ኬክሮስ በሚባሉ 60 ክፍሎች ይከፍላል። በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የተደረሰውና ወደ ግእዝ የተመለሰው አቡሻክር ይህንኑ ዕውቀት በሰፊው ይዟል። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅም በኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን አቆጣጠር ላይ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትሟል።

ከውጭ የመጡ ተጓዦችም በዚህ ደጋ ምድር ሰማይን ለልኬት ተጠቅመውበታል። ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ የሥነ ፈለክ መሣሪያዎችን ይዞ ነበር። አንቷን ዳባዲም በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ የሰሜን ኢትዮጵያን ተራሮችና ከተሞች አቀማመጥ ለክቷል። ይሁን እንጂ የሊቃውንቱም ሆነ የተጓዦቹ ሥራ ሰማይን የታመነ መለኪያ አድርጎ የወሰደ ነበር፤ አንደኞቹ ዘመንን፣ ሁለተኞቹ ቦታን ለኩበት። የኮከቡ ብርሃን ራሱ ይለዋወጥ እንደ ሆነ መመርመር ሌላ ዓይነት ሥራ ነው።

ለ/ ኮከብ እንደ ጥያቄ

ይህን ሥራ በሥርዓት ከጀመሩት አንዱ በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ይኖር የነበረው ጆን ጉድሪክ ነው። ጉድሪክ መስማት የተሳነው ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1782 ጀምሮ አልጎል የተባለውን ኮከብ በዓይኑ ከአጠገቡ ካሉ ከዋክብት ጋር እያነጻጸረ መዘገበ፤ ብርሃኑም በየ2 ቀን ከ21 ሰዓት ገደማ እንደሚደበዝዝ አረጋገጠ። ምክንያቱ በኮከቡ ፊት የሚያልፍ ጨለማ አካል ሊሆን እንደሚችልም ገመተ። ሄርማን ፎግል የተባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት አልጎል በእርግጥ ጥንድ ኮከብ መሆኑን ያረጋገጠው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1889 ነው። ጉድሪክ በ1784 ደግሞ ዴልታ ሴፌይ የተባለው ኮከብ በ5 ቀን ከ9 ሰዓት ገደማ እንደሚለዋወጥ አወቀ። በ1786 ሲሞት ዕድሜው 21 ዓመት ነበር።

ሐ/ በካሲዮፔያ የሚገኘው ጥንድ ኮከብ

ግሪኮች ዴልታ ሴፌይ የሚገኝበትን የከዋክብት ስብስብ ሴፌዎስ፣ አጠገቡ ያለውን ካሲዮፔያ ብለው ሰይመዋል፤ በአፈ ታሪካቸውም ሁለቱ የኢትዮጵያ ንጉሥና ንግሥት ናቸው። ግሪኮች ኢትዮጵያ ይሉት የነበረው ምድር ከዛሬዋ አገራችን ወሰን ጋር አንድ ባይሆንም፣ ስሙ የተማሪዎችን ፍላጎት ለመቀስቀስ ይረዳል።

ኤል ኤስ አይ +61 303 የሚባለው ኮከብ የሚገኘው በዚህ በካሲዮፔያ ነው። ኮስ ቢ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት በ1975 ከመጠቀች በኋላ ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣ ጋማ ጨረር አገኘች። ጋማ ጨረር ከብርሃን ሁሉ እጅግ የበረታ ኃይል ያለው ነው። ሳተላይቷ ያመለከተችው ቦታ ግን ከሙሉ ጨረቃ ስፋት የሚበልጥ ስለ ነበር፣ በውስጡ ካሉት ብዙ ከዋክብት የጨረሩ ምንጭ የትኛው እንደ ሆነ መለየት አልተቻለም። በ1978 በዚያው አካባቢ የሚለዋወጥ የራዲዮ ምንጭ ተገኘ፤ በ1982 ደግሞ የራዲዮው ኃይል በየ26.5 ቀን እንደሚመላለስ ታወቀ። በ1989 የታተመ ጥናት ያንኑ 26.5 ቀን በሚታየው የኮከቡ ብርሃን ላይ አገኘው። ፌርሚ የተባለችው ሳተላይት ባደረገችው ምርመራ በ2009 ጋማ ጨረሩም በዚያው ዙር እንደሚለዋወጥ ተረጋገጠ። ምንጩ እርግጠኛ የሆነው እንግዲህ የራዲዮው፣ የሚታየው ብርሃንና የጋማ ጨረሩ ቀን ቆጠራ አንድ ሆኖ በመገኘቱ ነው።

የብርሃኑ መለዋወጥ ምክንያት የጥንዶቹ አኗኗር ነው። አንደኛው በፍጥነት የሚሽከረከርና በወገቡ ዙሪያ የጋዝ ቀለበት ያለው ትልቅና ትኩስ ኮከብ ነው። ሁለተኛው በሞላላ ምሕዋር እየዞረ በየ26.5 ቀን ወደ ትልቁ ይቀርባል፤ በዚህም ጋዙን ያውካል። በቻይና የሚገኘው ፋስት የተባለው ታላቅ የራዲዮ ቴሌስኮፕ በ2022 ይፋ በሆነ ጥናት ከዚያ የሚመጣ ፈጣን የልብ ትርታ መሰል ምልክት መዝግቧል፤ ይህም ሁለተኛው አካል ኒውትሮን ኮከብ መሆኑን ያመለክታል። ከአጭሩ ዙር በላይ ደግሞ 1,667 ቀናት፣ ማለትም 4 ዓመት ተኩል ገደማ የሚፈጅ ረጅም ዙር አለ። በዘጠነኛ ክፍል መመልከት የጀመረ ተማሪ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ይህ ዙር ገና አላለቀም።

መ/ ለትምህርት ቤቶቻችን ምን ይጠቅማል?

ይህ ኮከብ ከደብረ ታቦር ሲታይ በጥቅምት መጨረሻ እኩለ ሌሊት ገደማ ወደ ሰሜን 40 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ነገር ግን ዓይን ሊያየው ከሚችለው ደካማ ኮከብ በ70 ጊዜ ያህል ስለሚደበዝዝ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል፤ የብርሃኑም ለውጥ ከአሥር አንድ እጅ ገደማ በመሆኑ በጥንቃቄ መለካት አለበት። በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የጠፈር ሳይንስ ማኅበር ባደረገው ጥረት በእንጦጦ የተተከሉት፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እንዲህ ላለው ልኬት የሚበቃ ስፋት አላቸው።

አልጎልና ዴልታ ሴፌይ ግን መሣሪያ አይሹም። አልጎል ሲደበዝዝ ብርሃኑ ወደ ሢሶው ስለሚወርድ ተማሪዎች ያለ ችግር ይለዩታል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ የታመነ ሰዓትና ትዕግሥት ነው። ተማሪው ኮከቡ ከየትኛው ጎረቤቱ እንደሚደምቅ፣ ከየትኛው እንደሚደበዝዝ በየሌሊቱ ይጽፋል፤ ደመና የከለከለውንም ሌሊት እንዲሁ ይመዘግባል። ያላየውን እንዳየ አድርጎ መሙላት መዝገቡን ሁሉ ዋጋ እንደሚያሳጣው መምህሩ አስቀድሞ ሊያስረዳው ይገባል።

ዕውቀትን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በጥንቃቄ ማስተላለፍ ለደቡብ ጎንደር የቆየ ልማድ ነው። ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለማስመስከር ወደ ዙር አምባ የሚኬደው ትምህርቱ ሳይጎድል እንዲተላለፍ ነው። የኮከብ መዝገብም በአንድ ተማሪ እጅ አያልቅም። ስለዚህ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ምልከታውን የአንድ መንፈቅ ዓመት መልመጃ ብቻ አድርገው ባይወስኑት መልካም ነው። ደብተሩ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ፣ የሚለቀው ክፍል ለሚተካው በፊርማ ቢያስረክብ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትም እጩ መምህራንን በዚሁ ሥራ ቢያለማምዱ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተማሪዎች የሚያሰሉት የራሳቸው መረጃ ይኖራቸዋል። የዙሩንም ርዝመት ከመጽሐፍ ከመቀበላቸው በፊት ከገዛ መዝገባቸው ሊያወጡት ይችላሉ።