ግብጦ

ግብጦ ከባቄላና ከአተር ወገን የሆነ ዓመታዊ የጥራጥሬ ሰብል ነው። ዱር በቀል ዘመዶቹ በባልካን አገሮች ይገኛሉ፤ በሜድትራኒያን ዙሪያ ከጥንት ጀምሮ ይለማል፣ ግብፆችም ቱርሙስ ይሉታል። አገራችን በሐሩር ክልል ብትገኝም ግብጦ ቆላ አይወድም፤ የሚዘራው ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ወይና ደጋና ደጋ ነው። ዋና አገሩ ጎጃም፣ አዊና ደቡብ ጎንደር ነው።

ሌላ እህል አልሰጥ ያለ የደከመ፣ አሲዳማ መሬት ለግብጦ አይከፋውም። በሥሩ እባጮች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ስለሚይዙ እንዲያውም መሬቱን ያበረታል። ውኃ የሚቋጥር መረሬ ግን አይስማማውም። እርሻም ሆነ አረም ብዙ አይጠይቅም፤ መራራ ስለሆነም ከብት አይደፍረውም። ሰውም ቢሆን እንዲሁ አይበላውም፦ ፍሬው ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ፣ በጆንያ ታስሮ ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ይነከራል። ምሬቱ ሲለቅ ልጣጩ በጣት ተጨምቆ ይወጣና ፍሬው ይበላል፤ አረቄም ይወጣዋል። ቸኩሎ ሳይነከር የበላው ሰው ሊመረዝ ይችላል።