ከግግ እስከ ቬኒር፦ ጥርስ ከማማሩ በፊት መግጠም አለበት

“ዶክተር፣ ጥርሴን ቬኒር ላሠራ” የሚሉ ወጣቶች በዝተዋል። ለመልሱ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1899 አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል የጥርስ አገጣጠም ችግርን በሦስት ከፈለ። መለኪያ ያደረገው የሚታየውን የፊት ጥርስ ሳይሆን በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለውን የመጀመሪያውን ቋሚ የመንጋጋ ጥርስ ነበር።

በ1930ዎቹ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ ቻርልስ ፒንከስ ለሆሊውድ ተዋንያን ስስ የጥርስ ሽፋን ሠራ። ሽፋኑ ለካሜራ እንጂ ለማኘክ አልነበረም፤ ቀረጻው ሲያልቅ ይወልቃል። በ1955 ማይክል ቦኖኮር የጥርስን ውጫዊ ክፍል በአሲድ አሻክሮ ማጣበቅ እንደሚቻል አሳየ። በ1980ዎቹ ቬኒር በቋሚነት መለጠፍ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሽፋኑ የንክሻን ጫና ቀን ከሌት ይሸከማል። የፊት ጥርሶች ጫፍ ለጫፍ የሚጋጩ ከሆነ ወይም ሰውየው ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ከሆነ ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል።

በእኛ ሀገር የአገጣጠም ችግር አንዳንዴ የሚጀምረው ገና በሕፃንነት ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው “ግግ ነው” ተብሎ ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ድድ ተቀዶ ይወጣል። ድዱን አበጥ ያደረገው ግን በሽታ ሳይሆን ጤነኛ ጥርስ ነው። መሣሪያው ንጹሕ ስላልሆነ ሕፃኑ በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን ሊሞት ይችላል። ከተረፈም የቋሚው ክራንቻ እንቡጥ እዚያው አጠገብ ስላለ ሊጎዳ ይችላል፤ ጥርሱ ተበላሽቶ ሊበቅል ወይም ጭራሽ ላይበቅል ይችላል። ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ ንክሻው ይዛባል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ሕፃናትን መጉዳትን ያስቀጣል።

ስለዚህ፦

✅ ሕፃን ሲያስቀምጠው ኦአርኤስና ዚንክ እንዲያገኝ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

✅ ልጃችሁ 7 ዓመት ሲሞላው አገጣጠሙን አስመርምሩ። የጥርስ ማስተካከያ ስፔሻሊስት በብዛት የሚገኘው አዲስ አበባ ስለሆነ ከጥያ ጉዞ ይጠይቃል፤ ግን በጊዜ ከተደረሰ ብዙ ወጪ ያድናል።

✅ ቬኒር ከማሠራታችሁ በፊት “ንክሻዬ ትክክል ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። የተዛባ ከሆነ ቅድሚያ ለማስተካከያው ሽቦ ነው።

ፍንጭት ግን በሽታ አይደለም፤ ንክሻው ደህና ከሆነ ውበት ነው። 😊

ግግ ለማስወጣት የሚያስቡ ካሉ ይህን አድርሱላቸው።